ሞጣ ያልደረሰው ግጥም

ቢቸና የታሰርኩበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ስገባ የተቀበለኝ የጤፍ ብናኝ ነው፤ አስነጥሼ እስክጨርስ የሰዉን ፊት አላየሁም። ጠጋ ብሎ ቦታ የለቀቀልኝ አንድ የሞጣ ልብስ ሰፊ ነበር። ጫካ ለገቡ ሰዎች ኮት ሰፍተሃል ተብሎ ነው የታሰረው። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ደብተሬ ውስጥ በተገኘ አንድ ወረቀት ነው የያዙኝ።

ልብስ ሰፊው ፊደል አልቆጠረም፤ ግጥም ግን ይመጣለታል። ለሚስቱ የገጠመውን ቀን ቀን በለሆሳስ ያዜመዋል።

«የግራ ክንድሽን ካውያ ቢያቃጥለው፣
ጠባሳው አንቺ ጋር፣ ሕመሙ እኔ ጋር ነው።»

ልብስ ስትተኩስ ተቃጥላ ኖሯል።

«መምህር፣ አንተ ቀድመኸኝ ትወጣለህ» አለኝ አንድ ቀን። «ሞጣ ሂድና ይህን ንገርልኝ።»

«ጽፌ ልያዘው?»

«ያሳሰረህ ወረቀት አይደል? በቃልህ ያዘው።»

ሙሉውን እስክወጣው አስጠናኝ። በሳምንቱ ጠዋት ጠባቂው የልብስ ሰፊውን ስም ጠርቶ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለው። የኮቱን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ እየዞረ ሁላችንንም ጨበጠን። እኔ ጋ ሲደርስ «አደራ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም።

ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ክራር ስለምጫወት ቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ አስገባኝ። የእስረኛ መልእክተኛ እንዳልባል ፈርቼ ሞጣ ሳልሄድ ቀረሁ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ የልብስ ሰፊውን ግጥም በክራር ተጫወትኩት።

«የማነው?» አሉኝ።

«የኔ» አልኩ።

ካውያ ለመድረክ አይሆንም ሲሉኝ «ክንድ»ን በ«ፊት»፣ «ካውያ»ን በ«ፀሐይ» ለወጥኩት። አንድ ዘፋኝ ወስዶ በካሴት አወጣው፤ አገር ዘፈነው። ፍርሃቱ ሲያልፍ እፍረት ተተካ፤ ሞጣን ሳላይ አረጀሁ።

አምና ዘፋኙና የቡድናችን መሪ የነበረው ሰው በዘፈኑ ሰበብ በራድዮ ተካሰሱ። ሁለቱም «ደራሲው እኔ ነኝ» አሉ። ጋዜጠኛው እኔንም ሲጠይቀኝ፣ መልስ ሳልሰጥ ሞጣ ሄድኩ።

የልብስ ሰፊውን ባለቤት ገበያው ዳር ካለች ሱቃቸው አገኘኋቸው። ማን እንደላከኝ ነገርኳቸውና ግጥሙን እንደነበረው፣ ከነካውያው፣ አልኩላቸው።

«ይህማ ልጄን ስድር የተዘፈነው ነው» አሉ። «እኔም ጨፍሬበታለሁ።» ቀጥለውም፣ «ሱዳን ገብቶ ሌላ አግብቷል ብለውኝ ነበር። አምኜ ረገምኩት። ስንት ዘመን ረገምኩት! ምነው ያን ጊዜ ቢመጡ?» አሉኝ።

«ስሙን በራድዮ ልናገርለት?» አልኳቸው።

«አይሆንም። የላከው ለኔ ነው። ይልቅ እንደገና ይበሉልኝ።»

ደጋግሜ አልኩላቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው፣ ቀና ብለው ሰሙኝ።

ለጋዜጠኛው «የኔ አይደለም» አልኩት፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሁለቱ ሰዎች ዛሬም ይካሰሳሉ። ሽማግሌው ጃጅቷል የሚሉኝም አሉ፤ ይበሉ። ያ ሁሉ እርግማን የሚገባው ለኔ ነበር። ያን ቀን ሱቁ በር ላይ ይቅር ይበሉኝ ልል ብዬ፣ ሳልል ተመለስኩ።