የዋራንቲው ሽማግሌዎች

ያገለገለ መኪና ሸጡልኝ። ሲበላሽ ደግሞ፣ የተበላሸው ያገለገለ ስለሆነ ነው፣ ስለዚህ አንከፍልም አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ባወራሁት ቁጥር፣ አሁን ስጽፈውም፣ ደሜ ይፈላል።

የሸጠልኝ ሰው ያገር ልጅ ነው። መኪናው የራሱ አይደለም፤ ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን አካባቢ፣ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ አንድ ዲለርሺፕ ውስጥ ሻጭ ሆኖ ይሠራል። ከቤተ ክርስቲያን እንተዋወቃለን። ሚስቱ የወለደች ጊዜ ገንፎ አገንፍቼ፣ ቅቤ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሶ፣ መኪና ስፈልግ እሱን ዘልዬ ሌላ ጋ መሄድ ነውር መስሎ ታየኝ። "እህቴ፣ ላንቺማ ምርጡን ነው የማወጣልሽ" አለኝ። አወጣልኝ።

የሚፈረመው ወረቀት ሲመጣ ኤክስቴንድድ ዋራንቲ፣ የተራዘመ ዋስትና፣ ጨምሪበት አለኝ። የፋብሪካው አልቋል፤ ይኼኛውን ከገዛሽ ግን ሞተሩም ይበላሽ ትራንስሚሽኑ፣ አንድ ስልክ መደወል ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ የነሱ ነው አለ። ወረቀቱ ብዙ ገጽ ነው፤ ፊደሉም የጉንዳን እግር ነው የሚያክለው። እሱ አጠገቤ ቆሞ እስክሪብቶውን ዘርግቶልኛል። ሻጩ ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ መነጽሬን አድርጌ፣ ቁጭ ብዬ፣ አንድ በአንድ አነበው ነበር። ያገር ልጅ ፊት ወረቀት ማገላበጥ ግን "አላመንኩህም" ማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ፈረምኩ። እኛን ሐበሾችን ይሉኝታ ያስፈረመን ወረቀት ተሰብስቦ ቢነድ የአንድ ክረምት ማገዶ ይወጣዋል።

የምሠራው ፍሪስኮ ነው፣ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት። የምኖረው ካሮልተን። አረንጓዴው ባቡር ከአፓርትመንቴ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ የሚሄደው ግን ወደ ዳላስ እንጂ ወደ ፍሪስኮ አይደለም። የሚያደርሰኝ አውቶብስም የለም። መኪና ከሌለኝ ሥራ የለኝም፤ እዚህ የኖረ ሰው ይኼን ሳልነግረው ያውቀዋል።

ዓመት እንኳ ሳይሞላው አንድ ጠዋት ቶልዌይ፣ የሚከፈልበት ፈጣን መንገድ ላይ፣ መኪናው ይንገጫገጭ ጀመር። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ከኋላዬ ያለው ትራክ ጡሩምባውን ያንባርቅብኛል። እንደ ምንም ዳር ይዤ አቆምኩ። ቶው ተደርጎ፣ በሌላ መኪና ተጎትቶ፣ እዚያው የገዛሁበት ዲለርሺፕ፣ ሰርቪስ ክፍል ገባ። ትራንስሚሽኑ፣ ካምቢዮው ማለት ነው፣ ሄዷል አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ግን ዋራንቲ አለኝ ብዬ ተጽናናሁ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው።

ሰርቪስ ክፍል ያለው ሰውዬ ጨዋ ነው፣ ሁሌ ፈገግ ይላል፣ እሱ ነው የባሰ የሚያናድደው። "ዋራንቲው የኛ አይደለም፣ የሌላ ካምፓኒ ነው፣ እነሱን ኮል አድርጊ" አለኝ። ኮል አደረግኩ። እነሱ ደግሞ ሌላ ስቴት ናቸው። ትራንስሚሽኑ ተከፍቶ ካልታየ አንወስንም፣ የማስከፈቻውን ደግሞ የምትችይው አንቺ ነሽ አሉ። እሺ ብዬ አስከፈትኩ። የሚያየው ሰው ይመጣል ተባለ፤ ቀረ። እንደገና ተቀጠረ፤ መጥቶ ፎቶ አንስቶ ሄደ። ፎቶው ጥርት አላለም ተባለና እንደገና ይምጣ ተባለ። በዚህ ሁሉ መሀል መኪናዬ ሆዷ ተዘርግፎ የጋራዡ ሊፍት ላይ ተሰቅላለች። ተለዋጭ መኪና ስጡኝ ብል፣ የሚሰጠው ጥያቄሽ ከጸደቀ በኋላ ነው አሉ። ጥያቄው ከጸደቀማ መኪናዬን ትሠሩልኝ የለ እንዴ፣ ምን ያደርግልኛል።

በመጨረሻ መልሱ መጣ። ትራንስሚሽኑ ይሸፈናል። ውስጡ ያለች አንዲት የላስቲክ ቀለበት ግን አትሸፈንም። ቀለበቷ አርጅታ ዘይቱ ፈሰሰ፣ ዘይቱ ስለፈሰሰ ትራንስሚሽኑ ተቃጠለ። ስለዚህ በማይሸፈነው ነገር ምክንያት የተበላሸው የሚሸፈነው ነገር አይሸፈንም። ስልኩ ላይ ያለችው ልጅ ይኼን ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ትንሽ እፍረት እንኳ የለም። "የፈረምሽው ላይ አለ" አለችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ያገሬ ሰው። ወረቀቱ ያልለቀቀው እኔን ነው፤ ሞኟም እኔ ነኝ።

የሸጠልኝ ያገር ልጅ ጋ ደወልኩ። "እህቴ፣ እኔኮ ሻጭ ነኝ፣ ሰርቪስ እኔን አይመለከተኝም" አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። እሁድ እሁድ ደግሞ ቅዳሴው እንዳበቃ በዚያኛው በር ውልቅ ይላል። ስሸጥልሽ አውቅሻለሁ፣ ሲበላሽብሽ አላውቅሽም ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን የሥራ ጓደኛዬ በመኪናዋ ራይድ ትሰጠኝ ነበር። በኋላ የሷ ሺፍት ተቀየረ። ኡበር ሞከርኩ፤ የቀን ደሞዜን ግማሽ እሱ በላው። አረፈድኩ፣ ደግሜ አረፈድኩ። አለቃዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ጠርታ፣ "እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታሽን እይዝልሻለሁ፤ መኪናሽ እስከዚያ ካልተሠራ ግን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ" አለችኝ። እንግዲህ ወሩ እያለቀ ነው።

በንዴት ቁጭ ብዬ ኢንተርኔት ላይ ሪቪው፣ ስለ ዲለርሺፑ ያለኝን አስተያየት፣ ጻፍኩ። የሆነውን ሁሉ፣ ከአንድ ኮከብ ጋር። ልጄ እዚህ ነው ያደገችው፤ እንግሊዝኛውን እይልኝ ብላት፣ "ማሚ፣ ይሄ ቱ መች ነው፣ በጣም በዛ፣ ትንሽ ናይስ አድርጊው" አለችኝ። ስፔሊንጉን ብቻ አስተካክይ፣ ንዴቱን አትንኪብኝ አልኳት። የዚያን ያገር ልጅ ስም አልጠራሁም። "ሐበሻው ሻጭ" ነው ያልኩት፤ እዚያ ቤት ደግሞ ያለው ሐበሻ አንድ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ የጻፍኩት የሐበሻ ስልክ ሁሉ ላይ ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ሱፋቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ቆመዋል። ትልቁን አባባ ነው የምንላቸው፤ በኛ ደብር እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ከመቀመጣቸው ገባኝ። ልጁ ነው የላካቸው። ስልክ ለማንሳት የፈራ ሰው ሽማግሌ ለመላክ አልፈራም።

ሻይ አቀረብኩ። አባባ ሰላምታውን፣ ምርቃቱን ካደረሱ በኋላ፣ "ልጄ፣ አለቃው ጠርቶ አስጠንቅቆታል። የሚያሳድገው ሕፃን አለው። በእንጀራው አትምጪበት። የጻፍሽውን አጥፊው፣ እሱም እግርሽ ላይ ወድቆ ይቅርታ ይጠይቅሻል" አሉኝ።

ሽማግሌ ፊት ድምፅ ከፍ አይደረግም። እናቴ አሳምራ አስተምራኛለች። ግን ከዚያ በላይ መዋጥ አልቻልኩም። "አባባ፣ የኔ እንጀራ ሲዘጋ ማን ሽማግሌ ላከልኝ?" አልኳቸው። "ፍሪስኮ አለቃዬ ጋ ሄዶ፣ በእንጀራዋ አትምጪባት ያለልኝ ማን ነው?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "እሱም እኮ ተቀጣሪ ነው፣ ምን ያድርግ" አሉ።

"እኔስ ምንድን ነኝ፣ የዘይት ጉድጓድ አለኝ እንዴ?"

ሰውየው ሻያቸውን ማማሰል ጀመሩ። እኔ ግን አንዴ ከጀመርኩ አልመለስም። "አጠፋዋለሁ" አልኩ። "ግን እናንተም ከኔ ጋር ዲለርሺፑ ድረስ ትሄዳላችሁ። ለኔ የነገራችሁኝን ለነሱም ትነግሩልኛላችሁ። ሽምግልና ለአንድ ወገን ብቻ ነው እንዴ?"

አባባ ጢማቸውን ዳበሱ። "እውነቷን ነው" አሉ። "ልጁም እዚያው ነው የሚውለው። እኛን ካየ ከአለቃው ያገናኘናል፣ እምቢ አይልም።"

በማግስቱ በአባባ መኪና ሄድን። ሦስቱም እንደ እሁዱ ሱፍና ነጠላቸውን ነው የለበሱት። በዚያ በሚያቃጥል ፀሐይ ከመኪና ወርደው፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ አንዱ ላንዱ በር እየያዘ ሲገቡ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ትቶ ቀና አለ። የሰርቪሱ ፈገግተኛ ሰውዬ፣ "አፖይንትመንት አላችሁ?" አለ።

አባባ ቆመው በወጉ ጀመሩ። እግዚአብሔር ይመስገን አሉ፣ የመጣነው ለጠብ አይደለም አሉ፣ ይቺ ልጃችን ናት፣ ሠርታ አዳሪ ናት፣ ያመነቻችሁ ባንድ ሰው ነው አሉ። እኔ አስተረጎምኩ። ሰውየው ታብሌቱን ነካ ነካ አደረገና፣ "ተከልክሏል፣ ዋራንቲ ካምፓኒውን ኮል አድርጉ" አለ። ያ ሁሉ ንግግር ለዚያች መልስ።

"ደውይ" አሉኝ አባባ። ደውዬ ስፒከር ላይ አደረግኩት። ሙዚቃ ጀመረ። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ሙዚቃው አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አባባ፣ "ሰው የሚመጣው መቼ ነው?" አሉኝ። "ይመጣል ነው የሚሉት" አልኳቸው። መጨረሻ ላይ አንዷ መጣች፤ ፋይሉ ተዘግቷል፣ ሊያስከፍተው የሚችለው ዲለርሺፑ ነው አለች። ሰውየውን ጠየቅኩት። ሊያስከፍቱት የሚችሉት እነሱ ናቸው አለ።

"እሱ ወደሷ፣ እሷ ወደሱ" አሉ አባባ። "ስንት ጊዜ ነው እንዲህ ያደረጉሽ?"

"መቁጠር ትቻለሁ፣ አባባ።"

"ልጁን እንየው" አሉና ወደ መሸጫው ክፍል መሩን። ልጁ ከአለቃው ጋር ቆሞ ይስቃል። ሲያየን አየሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው፣ "ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ" እያሉ ሊስሙት ተጠጉ። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለና እጁን ብቻ ከሩቁ ሰደደ።

"ሃይ ሰር፣ ሃው ካን አይ ሄልፕ ዩ?" አላቸው።

በእንግሊዝኛ። ትናንት በሬ ላይ የላካቸውን ሰውዬ። አለቃው አባባን ከነነጠላቸው ከላይ እስከ ታች አያቸው፤ ከዚያ ልጁን አየ። ልጁ ዓይኑን እንኳ ሳያነሳ፣ እነዚህ የሰርቪስ ደንበኞች ናቸው አለውና ወደ መጣንበት ጠረጴዛ በጣቱ አሳየን። አንተ ብዬ አፌን ስከፍት አባባ ክንዴን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። "ነይ፣ እንውጣ" አሉኝ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። አባባ ቁልፉን አስገብተው አላዞሩትም።

"ሚስቱን የለመንኩለት እኔ ነኝ" አሉ። "አባቷ ዘሩን አላውቅም፣ ሥራውን አላውቅም ብለው መልሰውኝ ነበር። ደግሜ ሄጄ፣ ለዚህ ልጅ ዋሱ እኔ ነኝ ብዬ ነው ያመጣሁለት። ዛሬ ምን ልርዳዎት ይለኛል።"

ስልኬን አወጣሁ። "ቃል ቃል ነው፣ አባባ። ሄዳችሁልኛል፤ ላጥፋው" አልኳቸው።

"አታጥፊው።"

"ቃል ገብቼ…"

"ቃሉን እኔ ነኝ ያስገባሁሽ፣ እኔው አነሳሁልሽ። አንድ ፊደል እንዳትነኪ።" ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ እኔ ዞሩ። "አሁን የፍሪስኮውን መንገድ ምሪኝ። አለቃሽ ዘንድ እንሄዳለን።"

ያሾፉ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አላሾፉም። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ቀበቷቸውን እያሰሩ ነው።

"አባባ፣ እዚያ እኮ ሽማግሌ አይቀበሉም" አልኳቸው።

"እዚህስ መቼ ተቀበሉን" አሉና ሞተሩን አስነሱ።