በብልቃጧ ውስጥ ያለው

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች እስር ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት የሙዝ ልጣጭ ነው። በፌስታል ተጠራቅሞ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጠቁሯል፤ ሽታው ከባልዲው ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። ቀጥሎ ፍራሹ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች አየሁ። አንዷ እናቴን የምታህል፣ ከጫኖ የመጣች ሙዝ ነጋዴ ናት። ሌላዋ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ጸጉር ትሠራ የነበረች ወጣት ናት። ሁለቱም እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ «እንደምን ዋላችሁ?» አልኩ።

ጸጉር ሠሪዋ ሳቀች። «ለቅሶ ቤት መሰለሽ እንዴ? ግቢ፣ ቤት ለእንግዳ!»

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። የባዮሎጂ መምህሬን በመስክ ሥራ ለማገዝ በፈቃዴ ተመዝግቤ፣ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ደረቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ወጥረን፣ መብራት አብርተን የእሳት እራት ስንሰበስብ አደርን። መምህሬ ለረጅም ጊዜ የሚከታተላት ትንሽ የበረሃ የእሳት እራት አለች። ክንፏ አሸዋ ይመስላል። እስካሁን ማንም እንዳልመዘገባት ያምናል፤ አዲስ ዝርያ መሆኗን አረጋግጦ መግለጫዋን ሊጽፍ ይፈልጋል። የያዘው ወንድ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ከአዲሶቹ ጋር ላስተያየው ብሎ በሳጥን ይዞት ወጥቷል።

ወቅቱ ጥሩ አልነበረም። በአካባቢው ሰው ይያዝ ነበር። መብራታችንን ያየ ሰው ለሆነ ወገን ምልክት ይሰጣሉ ብሎ ጥቆማ አድርሷል። ጠዋት ስንመለስ ኬላው ላይ አስወረዱን። አቡጀዲውን፣ መብራቱን፣ ሳጥኑንም ወሰዱ። ወንዱ የእሳት እራት በመርፌ ተሰክቷል፤ ከሥሩ በዚያው መርፌ ላይ ጥፍር የምታህል ብልቃጥ አለች።

መርማሪው ሸምገል ያለ፣ ማተብ ያሰረ ሰው ነው። አነጋገሩ አባቴን አስታወሰኝ።

«በዚህች ብልቃጥ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

መልሱን አውቀዋለሁ። አሸዋ የሚመስሉ የእሳት እራቶች ብዙ ስለሆኑ ክንፍ አይቶ ብቻ ዝርያን መለየት አይቻልም። የወንዱ የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ፣ ፖታሽ በሚባል ኬሚካል ለስልሶ፣ ጸድቶ፣ አባለ ዘሩ በማጉያ ይታያል። ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ከታየ በኋላ እንዳይጠፋ በብልቃጥ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ በደንብ ተምሬአለሁ፤ በአማርኛ ግን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። በእኛ ቤት «እርጉዝ» የሚለው ቃል እንኳ አባቴ ካለ በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው።

«መድኃኒት ነው» አልኩ።

«የምን መድኃኒት?»

«እንዳይበላሽ የሚደረግ።»

«ምኑ እንዳይበላሽ? ለሰው የሚሰጥ ነው?»

«አላውቅም።»

ጻፈ፤ ፈረምኩ። ስወጣ አመሰገንኩት።

በማግስቱ አስጠራኝ። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጧል፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የመምህሬ ቃል ነው።

«መምህርሽ ሌላ ነገር ነው ያለው። እኔ ልደግመው አልችልም፣ ነውር ነው። አንቺ መድኃኒት አልሽ። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ። መርዝ ይሁን ምን ይሁን፣ አዲስ አበባ ተልኮ ተከፍቶ ይመረመራል። እስከዚያ ሁለታችሁም እዚሁ ናችሁ።»

ብልቃጧ ከተከፈተች ያ ወንድ አለቀለት፤ የመምህሬም ድካም እንዲሁ። ይህንን እያወቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

ክፍሉ ውስጥ ተመልሼ፣ ፊቴን በሻርፔ ሸፍኜ ነገርኳቸው። ጸጉር ሠሪዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ቆይ፣ ቆይ! እኔ ስልኬ ላይ በጻፍኩት ነው የገባሁት። እሷ ስብሰባ ላይ በተናገረችው። አንቺ የቢራቢሮ እንትን ብለሽ መናገር አቅቶሽ?»

«የእሳት እራት ነው» አልኩ።

«ይቅርታ፣ የእሳት እራት! አየሽ፣ እሱን ለማረም አፍ አለሽ።»

የጫኖዋ ሴት ሙዝ እየላጠች ነበር። «እኔ ገበያ ኮርማ ስገዛ ዝቅ ብዬ ነው የማየው» አለች። «ሰው ሁሉ እያየ። ማን አፈረ? ኮርማውም አላፈረ።»

ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ቶሎ አቆመች። ሙዙን ለሁለት ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝና «መምህርሽ በአንቺ አፍ ታስሯል» አለችኝ። «ማፈር ካለብሽ እዚያ ላይ እፈሪ።»

ሙዙ በእጄ ቀረ። እሷ ስለ ራሷ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥታ «ከሰፈራችን የወሰዳችኋቸው ልጆች የት ናቸው?» ብላ ጠይቃለች። አሁን «አላልኩም ብለሽ ፈርሚና ግቢ» ይሏታል።

«ብያለሁ» አለች። «አላልኩም ብዬ ቤቴ ብገባ፣ የልጆቹን እናቶች በምን ዓይኔ አያለሁ?»

በነጋታው ጠዋት ዘበኛዋን መርማሪው ዘንድ እንድትወስደኝ ለመንኳት። እሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አንድ ወጣት ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል። እንድቀመጥ ሳይነግረኝ ጀመርኩ።

«ቃሌን ላርም ነው የመጣሁት። መድኃኒት አይደለም። የወንዱ የእሳት እራት አባለ ዘር ነው። ዝርያው የሚለየው በእሱ ነው። መምህሬ እውነቱን ነው የተናገረው።»

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ወጣቱ ፖሊስ ሳል እንደያዘው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መርማሪው ብዕሩን አንሥቶ ጻፈና አነበበልኝ፦ «በብልቃጡ ውስጥ ያለው የነፍሳት አካል ነው።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «ፈርሚ።»

በሕይወቴ «ፈርሚ» ተብዬ ያልፈረምኩበት ጊዜ አልነበረም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እንዲህ አላልኩም።»

«ያው ነው።»

«ከመምህሬ ቃል ጋር ካልገጠመ እንደገና ተለያየ ይባላል። እንደተናገርኩት ይጻፍልኝ።»

እጄን ወደ ኋላ አደረግሁት። ብዕሩን አልተቀበልኩም።

«አንቺ ልጅ፣ ትናንት ምላስ አልነበረሽም» አለ። ቢሆንም ሰረዘው፤ በክንዱ ከልሎ እንደገና ጻፈ። አነበብኩት። ልክ ነበር። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ «ቃላችሁ ገጥሟል፣ ውጪ» ተብዬ ስሜ ተጠራ። ጫማዬን ሳጠልቅ የጫኖዋ ሴት አጠገቤ መጣች። «ስለ እኔ ከጠየቁሽ ያልኩትን ንገሪ። አትቀንሺ» አለችኝ። «እሺ እማማ» አልኳት።

መምህሬ ግቢው ውስጥ ሳጥኑን ተቀብሎ ቆሞ ነበር። የወንዱ አንድ ክንፍ ተሰብሯል፤ ብልቃጧ ግን አልተከፈተችም። ለምን መድኃኒት እንዳልኩ አልጠየቀኝም። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ብቻ «ፈርተሽ ነው፣ አይደል?» አለኝ።

«አይደለም ቲቸር። አፍሬ ነው።»

ሲቀላ እስክንደርስ ሳጥኑን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ።

አሁን የዝርያው መግለጫ ተጽፎ ወደ ማለቁ ነው። የወንዱን አባለ ዘር የሚመለከተው ክፍል ስለ ክንፉ ከሚናገረው ይረዝማል፤ ረቂቁን እኔ አንብቤ አርሜአለሁ፤ በአማርኛም ለሚጠይቀኝ ሁሉ አስረዳለሁ። አብረውኝ ታስረው ለነበሩት ሴቶች ምግብ አስቋጥሬ አንድ ጊዜ ወደዚያ ጣቢያ ሄጄ ነበር። ጸጉር ሠሪዋ ተፈትታለች፤ ሙዝ ነጋዴዋ «ተዛውራለች» አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

የዶርም ጓደኞቼ ታሪኩን ይወዱታል። ስለ ብልቃጧ አውሪልን ይሉኛል፤ ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ። አብረውሽ የነበሩት በምን ታስረው ነው ሲሉኝ ግን «አንዷ በስብሰባ ምክንያት» ብዬ አልፋለሁ። ተጭነው ከጠየቁኝ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን ተነሥቼ በሩ መዘጋቱን አያለሁ።