የተጠለለው ወይን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሜሮን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዛ ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ወዳለው ቤቴ መጣች። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ወይን መቅመስ ከጀመረች ሰንብታለች። የተለጠፈበትን ወረቀት ሳየው የሊባኖስ ነው።

«ማሚ፣ ይሄ ኤጅ የሚያደርግ ዋይን ነው፤ ሲቆይ ነው የሚጥመው። የኔ አፓርትመንት በጣም ይሞቃል። አንቺ ቤዝመንት ኪፕ አድርጊልኝ፣ ላይክ አሥር ዓመት።»

«አሥር ዓመት ማን ሊቆይ?» አልኳት።

«ማሚ፣ ስቶፕ» ብላ ሳቀች። እኔ እንኳ ቀልዴን አልነበረም። በሽተኛ ሳነሳና ሳስተኛ የኖርኩበት ወገቤ ቤዝመንት በወረድኩ ቁጥር ደረጃውን አንድ በአንድ ያስቆጥረኛል። እንደምንም ወርጄ ጠርሙሱን በጎኑ አጋደምኩት። አለማቆሜ ገርሟት ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። ያስተማረኝን ሰው ነገርኳት፤ ያደረግኩትን ግን አልነገርኳትም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በሳምንት አራት ቀን ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ዓርብና ቅዳሜ ደግሞ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የሊባኖስ ሽማግሌ ቤት አበስላለሁ። ስማቸው ኤልያስ ነው። እኔ ግን አዲስ አበባ ፈረንጅ ባለሱቅን እንደምንጠራው «ሙሴ» እላቸው ነበር። ፈረንሳይኛ ስለሚያውቁ ቃሉ ከ«መስዬ» እንደመጣ ገብቷቸው ደስ ይላቸዋል። ከኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ወርጄ፣ እግሬ አብጦ፣ በራቸውን ሳንኳኳ «መጣሽ፣ ድካም?» ይሉኝ ነበር በእንግሊዝኛቸው። ስሜን ትተው ድካም ብለው ነው የሚጠሩኝ፤ አልተሳሳቱም።

ምድር ቤታቸው መስኮት የለውም። ግድግዳውን በሙሉ የያዘው ከአገራቸው፣ ከበቃዓ ሸለቆ የመጣ ቀይ ወይን ነው፤ ጠርሙሱ ሁሉ በጎኑ ተኝቷል። የዴንቨር አየር ደረቅ ነው፤ ቡሽ ያደርቃል፣ የደረቀ ቡሽ ደግሞ አየር ያስገባል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ውሃ የተሞሉ ትልልቅ ሳህኖች ነበሩ። በየዓርቡ የጎደለውን እሞላለሁ፤ ጠርሙስ ግን አልነካም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንድ ጠርሙስ ይከፍቱና ለእኔም ጠብ ያደርጉልኛል። «አትዋጪ፣ መጀመሪያ አሽትቺ። ምን ሸተተሽ?» ይላሉ። መልስ እስክሰጥ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን «ድልህ» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አላወቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በትንሽ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ደጋግመው ካሸተቱ በኋላ፣ «ትክክል ነሽ» አሉኝ። በዚያ ዓመት በዚህ አገር ትክክል ነሽ ያለኝ ሌላ ሰው ትዝ አይለኝም።

ወጣቱ ወይን ምላስ ይይዛል። እሱን በብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው ሁለት ሰዓት ያህል አየር ያስመቱታል፤ ያን ጊዜ ይለዝባል። አሮጌውን ግን ከጠርሙሱ በቀጥታ ጭል ጭል አድርገው ራሳቸው ይቀዱታል። ለምን እንደሚለያዩ አልጠየቅኩም። የደከመው ሰው ብዙ አይጠይቅም።

ሙሴ አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ሚሼል ይባላል፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። እናቱ ሆስፒታል ስትሞት ሙሴ ያኔ የነበራቸውን ሱቅ ላለመዝጋት ብለው አልሄዱም። በቀብሯ ማግስት ተጣልተው ሰባት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ሙሴ ደግ ናቸው፤ ጥፋታቸውን ግን የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። በኋላ ልባቸው ታመመ። ደወሉለት። ዓርብ መጥቶ ምሳ በልቶ ማታውኑ እንደሚመለስ ነገራቸው። አንድ ምሳ ነበር የተሰጣቸው።

ልጁ በተወለደበት ዓመት የተጠመቀ ወይን ነበራቸው፤ ከአገራቸው ጦርነት የተረፈ፣ የመጨረሻው ጠርሙስ። ለዚያ ቀን ብለው ሳምንት ቀደም ብለው ከተኛበት አንስተው አቆሙት። ጠዋት በረዶ ይጥል ነበር። ጥሩ ካፖርታቸውን ለብሰው ልጃቸውን ሊቀበሉ ሲወጡ፣ «ልንደርስ ስንል ክፈቺው» አሉኝ። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነበር፤ ዛሬ ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር ላይ።

ቤቱን ሳሰናዳ ጠርሙሱን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞርኩት። ሥሩ ጥቁር አተላ ነው። ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ አተላ ያለበት ጠላ ለእንግዳ ያቀረበች ሴት ስሟ ለዓመት ይነሳል። ሰባት ዓመት ለቀረ ልጅ አተላ? አዲስ ነጭ ጨርቅ ፈልጌ ቀቀልኩ፣ አደረቅኩ። ከዚያ ወይኑን ከፍቼ አንዴ አጠለልኩት፤ አልጠራ ሲለኝ ደገምኩት። ማንቆርቆሪያው ውስጥ አድርጌ አየር ይምታው ብዬ ተውኩት። ወጣቱ ሁለት ሰዓት ከፈለገ ሽማግሌው ይበልጥ ይፈልጋል ብዬ ነው ቀድሜ የከፈትኩት። ዓርብ ስለሆነ ጾመኛ ነኝ፤ አልቀመስኩትም። እንዲያውም በሥራዬ ኮራሁ።

በበረዶው ምክንያት አውሮፕላኑ ዘገየ። ሲገቡ ወይኑ ከተከፈተ አራት ሰዓት አልፎታል። ልጁ ካፖርቱን አላወለቀም። ሙሴ ወደ ወጥ ቤት ገብተው እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ቀዱ። መልኩ የቀጠነ ሻይ ነበር። ሙሴ ብርጭቆውን አፍንጫቸው ሥር ብዙ አቆዩት፤ ከዚያ ቀመሱ። ልጁም ቀመሰ። ወይን እየቀመሰ ያደገ ሰው ነው፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ጊዜው አልፎበታል» አለ በእንግሊዝኛ።

ምግቡን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሙሴ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው አዩኝ።

«አዎ፣ አልፎበታል» አሉ። «ብዙ አቆየሁት። ቀድሜ ልጠራህ ይገባ ነበር። እናትህ የሞተች ቀንም መምጣት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ልጁ ካፖርቱን አወለቀ። የዚያን ማታ አልሄደም፤ ሦስት ቀን ቆየ።

እኔ ሳህን ሳጥብ፣ ወይኑ የሞተው ስለቆየ ሳይሆን በእጄ እንደሆነ ጠረጠርኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ሙሴ ብቻቸውን ሲሆኑ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «እጄን ስታጠብ ጨርቁን አይቼዋለሁ። አሮጌ ወይን እንደ እኔ ነው፤ ነፋስ ላይ ብዙ አይቆይም። አተላውን ጠርሙሱ ውስጥ ትተሽ ቀስ ብለሽ ትቀጂዋለሽ፣ ወዲያው ይጠጣል። በቃ።»

«ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ ወሰዱት?»

«አልፎበታል ሲል በር ተከፈተልኝ። በሌላ መንገድ ከአፌ አይወጣም ነበር። ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት ቆይተው ሞቱ። በቀብራቸው ቀን ሚሼል እጄን ይዞ ለሰዎቹ፣ «አባቴ እኔን ሲጠብቅ ወይኑ ሞተበት፤ እሷም ነበረች» አላቸው። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ዛሬም በየፋሲካው ይደውልልኛል። ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስለ ልጆቹ ያወራኛል፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «በጊዜ መጥቼ ቢሆን ያን ወይን በደህና እንጠጣው ነበር።» ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ይዞራል። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ውስጥ ግን ነቅዟል።

አንዳንዴ ሙታን ቃል አይጠይቁም፣ ልንገረውና ይረፍ እላለሁ። ነገር ግን ከነገርኩት የአባቱን ንግግር እንዴት አድርጎ እንደሚያስታውሰው እፈራለሁ። ያን ምሳ እንደገና ልወስድበት? ለዚህ የሚሆን ጉልበት የለኝም። ወይኑ ጥሩ ቢሆን ኖሮ ስለ ጣዕሙ አውርተው፣ ምሳቸውን በልተው ይለያዩ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ይህን ለማመን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሞክሬያለሁ፤ አንዳንድ ቀን ይሳካልኛል።