እንሰት ነቃይዋ ሙሽራ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቤቲ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በመጪው እሁድ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይመጣሉ፤ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ የምናስቀምጣቸው ደጅ ነው። አንድ በአንድ ፎቶ አሳየችኝ። ኖራ የተቀባ ድንጋይ፣ ከአሮጌ ጎማ የተሠራ የአበባ መደብ፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የተተከለ ጽጌረዳ። ሁሉም ከቤት በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ስለሆነ ወጪ የለውም አለችኝ። ሐሳቧ መጥፎ አልነበረም። በመጨረሻ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ወደቆመው እንሰት በአገጯ እያመለከተች፣ «ይሄ ብቻ ይነሳልን፤ ግቢውን ገጠር አስመሰለው» አለች።

«አይነሳም» አልኳት።

«እማዬ ደግሞ! አንቺስ ለራስሽ ሽማግሌዎች ነቅለሽ የለ? አያቴ፣ የአባዬ እናት፣ ስንቴ ነግራኛለች።»

ጎመን ልቀነጥስ ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ጎመኑን አልቀነጠስኩትም።

ያን ጊዜ ከወላጆቼ ጋር የምኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ ሰፈር ነበር። አባቴ እዚያው ሳሙና፣ ገመድና ላምባ የሚሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ከተሜ ለመሆን ብዙ የደከመ ሰው ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ቆጮ ነፍሱ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ቆጮው ከገበታው ይነሳና ዳቦ ይቀርባል። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር አይገባትም። ከበሩ እስከ አጥሩ ድረስ እንሰት ተክላ ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ በእነዚያ ሰፋፊ ቅጠሎች ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ እንቅልፍ ያመጣብኝ ነበር።

የዛሬው ባለቤቴ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑ ሲሰማ አባቴ ደጁ ላይ ቆሞ ግቢውን አስተዋለው። ልጃቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ቤተሰቦች ናቸው መባሉን ሰምቷል። «ጫካ ውስጥ አናስቀምጣቸውም» አለ።

«ተው አንተ ሰው» አለች እናቴ። «እነሱም እኮ ሲዳማዎች ናቸው። የእንሰት አገር ሰዎች ናቸው።»

«የተማሩ ናቸው» አለና ነገሩን ዘጋው።

ቅዳሜ ሱቁን ሳይከፍት ዶማ ይዞ ወጣ። እናቴ የወደቀውን ሁሉ እየጎተተች ጓሮ ከመረችው፤ ቀኑን ሙሉ አላነጋገረችውም። እሱ ግን በሥራው ተጠምዶ ዝምታዋን ልብ ያለውም አይመስለኝም። ለሱቁ በር ተገዝቶ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም የዘይት ቆርቆሮዎችን ቀባ። ድንጋይ ለቅመን ኖራ ቀባንና ወደ በሩ በምታስገባው መንገድ ግራና ቀኝ ደረደርን። የእንሰቱ ጉድጓዶች እንዳይታዩ በጋሪ ቀይ አሸዋ አስመጥቶ ደለደለባቸው። አበባ መግዣ ስላልተረፈው መሃል ከተማ ካሉት ቪላዎች አጥር ላይ የቦጋንቪላ ቅርንጫፍ ለምኖ አመጣና እንዲሁ ሥር ሳይኖረው መሬት ላይ ሰካው። እሁድ ጠዋት ግቢያችን የፎቶ ቤት መጋረጃ መስሎ አደረ። አባቴ መንገድ ተሻግሮ ከማዶ ሲያየው ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ለጠዋት የተባሉት ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ደረሱ። የሐዋሳን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቦጋንቪላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እኔ ከቤታችን በር መጋረጃ ኋላ ሆኜ አዳምጣለሁ። በወጉ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገርና መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ለስላሳውም ዳቦውም እንደተከደነ ነው። ታላቃቸው የባለቤቴ አጎት አቶ ዱካሞ ነበሩ። የመጡበትን ጉዳይ ትተው እግራቸው ሥር ያለውን መሬት ማየት ጀመሩ። አሸዋው በየጉድጓዱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ሰምጦ ነበር።

«ይህ ቤት ሊለቀቅ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ የለም!» አለ አባቴ።

«እኛ ጋ ከደጁ እንሰት የሚነቅል አገር ሊለቅ የተነሳ ነው። ከሚሄድ ሰው ጋር እንዴት እንዛመዳለን?»

ትዳሬ በዚያች ጥያቄ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ አባቴ ሳቅ የመሰለ ነገር አወጣና፣ «ልጅቷ ናት እኮ። የዛሬ ልጆች አበባ ካላዩ አይሆንላቸውም» አለ።

የሰማሁት ነገር መጀመሪያ ላይ እውነት አልመሰለኝም።

«እስቲ ትምጣ» አሉ አቶ ዱካሞ።

ወጣሁና አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። «ልጄ፣ አንቺ ነሽ የነቀልሽው?» አሉኝ። አባቴን አየሁት። እሱ ጫማውን ነበር የሚያየው። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ በጥፍሮቹ ሥር የገባው አረንጓዴ ቀለም አልለቀቀም።

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው እጄን አዩ። ቀጥለው የአባቴን እጅ አዩ። «አበባ አይበላም፣ ልጄ» አሉኝና ወደመጡበት ጉዳይ ገቡ።

ትዳሩ ሰመረ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያን ቀን ሳስበው አፍራለሁ። የማፍረው ስለ ራሴ አይደለም፤ አባቴን ከልጁ ጀርባ ተደብቆ ስላየሁት ነው። አንድ ልጅ አባቱን እንዲህ ማየት የለበትም። አማቴ «እንሰት ነቃይዋ» የሚል ስም አወጣችልኝ፤ በየሠርጉና በየበዓሉ ዘመድ ተሰብስቦ ሲስቅ አብሬ እስቅ ነበር። አንድ ጊዜ አባቴ ባለበት ቀለዱብኝ። ቆጮ ሊቆርስ የዘረጋው እጅ እዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት ክረምት ሲገባ፣ አንድ ማለዳ የእንሰት ችግኝ በጋሪ ጭኖ ቤቴ መጣ። ራሱ ቆፍሮ ራሱ ተከለው፣ ከበሩ ፊት ለፊት። «ዝናቡ ይበቃዋል፤ ውሃ አታብዢበት» አለኝ። ሻይ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ቀንም አልሰማሁም። እሱ ካረፈ ቆይቷል። እንሰቱም ሲያረጅ ከሥሩ የበቀለውን፣ ያም ሲያረጅ የዚያን ልጅ እያነሳሁ እዚያው ቦታ ላይ ስተካ ኖሬያለሁ።

ከጓሮ ባዶ እጄን ስመለስ ቤቲ እየጠበቀችኝ ነበር። አባቴን ትወደዋለች፤ ከረሜላ በኪሱ ይይዝላት የነበረውን ሰውዬ ነው የምታውቀው።

«አዎ፣ ነቅያለሁ» አልኳት። «ጸጸቱን የማውቀው እኔ ነኝ። አይነሳም።»

ተነጫነጨች እንጂ አልተከራከረችኝም። ዛሬ ድንጋዮቹን እንሰቱ ዙሪያ ደርድራ፣ ጎማዎቹንም ቀብታ ስትጨርስ ውሃ ልትጠጣ ገባች። ብርጭቆውን ስታነሳ አየኋት፤ በጥፍሮቿ ሥር ቀለም ገብቷል።

«ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ እጅሽን በደንብ ታጠቢ» አልኳት።