ገጣሚውና እሽጉ

ሰፈሩ በሙሉ «ገጣሚው» ይለዋል፤ እሱ ግን በዕድሜው አንድ ስንኝ ጽፎ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ኮምፒውተር ስለሚገጣጥም ነው። «ገጣጣሚው» ማለት ምላስ ያደክማልና አንዷ «ጣ» መንገድ ላይ ጠፋች፤ እሱም መልሱልኝ አላለም። አንድ ጊዜማ ሊጋቡ የተቃረቡ ጥንዶች ስሙን ሰምተው መጡና ለሠርጋችን ግጥም ጻፍልን አሉት። ካቻቪቴውን እንደያዘ ትክ ብሎ አያቸውና «ግጥሜ ያውላችሁ፣ ጠረጴዛው ሥር» አላቸው። ጎንበስ ብለው ቢያዩ አንድ ጎኑ የተከፈተ የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ሽቦ በሽቦ ሆኖ ማራገቢያዎቹ ይንጫጫሉ። ስቀው ስቀው ሲያበቁ የሠርጋቸውን ቪዲዮ እንዲያቀናብርላቸው ተዋዋሉት።

ሥራው ይኸው ነው፤ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ ማቀናበር። ኮምፒውተሩን «ግጥም» ብሎ የጠራውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ከተዘጋ ቢሮ የመጣ ነው፤ ማራገቢያዎቹ ከሞተ ማሽን የተነቀሉ ናቸው፤ ሜሞሪው በሌላ ዕቃ የተለወጠ ነው። አንዱ ሲያረጅ እሱ ብቻ ይነሣል እንጂ ኮምፒውተሩ አይጣልም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የቀረው አንድ ሃርድ ዲስክ ነበር፤ ሲሠራ «ቀጭ ቀጭ» የሚል፣ ከሳጥን ሳጥን ሲዛወር የኖረ። ምን እንዳለበት ባለቤቱም ረስቶታል፤ መጣሉ ግን አላስችል ብሎታል።

«ተገዝቶ የመጣ ነገር ምኑ ነው ያንተ?» ይላል፣ ስለ ኮምፒውተር በተነሣ ቁጥር። «የሰው ወርቅ አያደምቅ።»

የሚስቱ ታናሽ ወንድም ይህን ሲሰማ ነው ያደገው። ሙያውን ያስተማረው ገጣሚው ራሱ ነው፤ ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠል፣ ድምፅ ማስተካከል፣ ቀለም ማመጣጠን፣ ሁሉንም። በአንዲት ክፍል ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ሆነው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ልጁ ካርቶን ታቅፎ ገባ። ካርቶኑን ከፈተና ተገጣጥሞ ያለቀ ኮምፒውተር አወጣ። ዙሪያ ገባው የተዘጋ፣ ቀጠን ያለ፣ ለስላሳ ነው። ሶኬቱን ሰካና ሥራ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ በለኝ እንጂ።»

«እንኳን ደስ ያለህ» አለው ገጣሚው። ጥርስ ባዳ ነው፤ ሳቀለት። ሆዱ ግን እዚያው ሻከረ። ዕቃውን ዞረው፣ ገለበጠው፣ በጥፍሩ ዳሰሰው።

«ብሎኑ የታለ?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«ሲታመምስ?»

«የሸጡልኝ ሰዎች ይወስዱታል።»

«እሽግ ነዋ» አለ ገጣሚው፤ ስሙ በዚያው «እሽጉ» ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አላገኘም። ተቆርጦ የተቀጠለውን ሁሉ አንድ ፊልም አድርጎ ለማውጣት ግጥም ከጠዋት እስከ ምሳ እያጓራ ይቆያል፤ እሽጉ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሳል። ያውም ትንፍሽ ሳይል። «ድምፅ የሌለው ነገር አላምንም» ይላል ገጣሚው። ላለማየት ብሎ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ አልሸሹም ዞር አሉ፣ የልጁ ስክሪን በመስታወቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። የሚበላሽበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር። እግዜር ይቅር ይበለው፣ ይመኝም ነበር። እሽጉ አልተበላሸም። እርር ድብን ያደረገውም ይኸው ነው።

ነገሩን የባሰ ያደረገችው ሴት ልጁ ናት። አንድ ልጁ ስትሆን፣ ከጡጦ ጀምሮ «የሠርግሽን ፊልም የምሠራው እኔ ነኝ» ሲላት ኖሯል። በሠርጓ ዋዜማ ሰሞን ስቱዲዮው ድረስ መጥታ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ እንዳትቀየመኝ። ፊልሙን አጎቴ ቢሠራውስ? አንተ እኮ የሙሽራ አባት ነህ። ለአንድ ቀን ሥራህን ትተህ እኔን ብቻ እንድታየኝ ነው የምፈልገው።»

ገጣሚው ከዚህ ሁሉ የሰማው «አጎቴ» የምትለውን ብቻ ነው። እሽጉ ተመረጠ፣ ግጥም ተጣለ። የቀረው በጆሮው አጠገብ አለፈ።

«ደግ» አላት።

ማታ ራት አልበላም። ሚስቱ ሳህኑን ስታነሣ «ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር በእኔ አንድ ቀን ቀንተህ አታውቅም» አለችው። «ለቆርቆሮ ጊዜ ነው እንዴ ቅናቱ የመጣው?»

«ማን ቀና? እኔ?» አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የሠርጉ ዕለት አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከፊት ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ካሜራ ከያዘው የሚስቱ ወንድም ላይ አልተነቀለም። ሙሽራዋ ስትገባ ልጁ ከብርሃን በተቃራኒ መቆሙን አየ። ስትጨፍር እጁ መንቀጥቀጡን ተከታተለ። ኬኩ ሲቆረጥ «በጣም ቀረበ፣ በጣም ቀረበ» እያለ ለራሱ አጉረመረመ። ሙሽራዋ መጥታ አንገቱን ስታቅፈው እንኳ በትከሻዋ አሻግሮ ሌንሱን ያይ ነበር። እሷ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር አለችው፤ እሱም «እሺ፣ እሺ» አላት።

ሠርጉ አልፎ ፊልሙ ተቀናብሮ ሊያልቅ ሲቃረብ አላስቻለውም። ወንበሩን ጎትቶ ከሚስቱ ወንድም አጠገብ ተቀመጠ።

«እስቲ አሳየኝ» አለ፣ እንከን ሊለቅም።

እንከን አልነበረውም። ብርሃኑ ያምራል፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ አንዱ ትዕይንት ከሌላው ጋር ስፌቱ አይታወቅም። ያስተማረው ልጅ በልጦታል።

ልጁ መሐል ላይ አቆመውና አቀርቅሮ አንገቱን አሸ።

«ጋሼ፣ አንድ ችግር አለ። ልነግርህ ፈርቼ ነው የቆየሁት።»

የገጣሚው ልብ በደስታ ዘለለች። «እሽጉ አቃተው አይደል?»

«እሱስ አላቃተውም። አንተ ነህ ችግሩ።»

ከዚያ ፊልሙ ውስጥ ያልገቡትን ቀረጻዎች አንድ በአንድ ከፈተለት። ሙሽራዋ ስትገባ፣ ሙሽራዋ ስትጨፍር፣ ሙሽራዋ ስትስቅ። በሁሉም ላይ ገጣሚው አለ፤ ቅንድቡን ቋጥሮ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ በቀጥታ ካሜራው ላይ አፍጥጧል። ባቀፈችው ጊዜማ የእሷ ዓይን ተጨፍኗል፣ የእሱ ዓይን ሌንሱን ሊበላው ደርሷል።

«አንድ ነገር ብቻ ነው አደራ ያለችኝ» አለ ልጁ ቀስ ብሎ። «'አባዬ ሲያየኝ የሚታይበትን አስገባልኝ' ነው ያለችኝ። ሁሉንም ፈልጌያለሁ፣ ጋሼ። የለም።»

ገጣሚው ስክሪኑን አየ፣ እጁን አየ። ያን ዕለት በጆሮው ምን እንዳለችው ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው። አፈረ፤ በቁሙ አፈረ።

ከዚያ ረስቶት የኖረው አንድ ቀረጻ ድንገት ትዝ አለውና ብድግ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ግጥምን አጠፋው። ማራገቢያዎቹ ሲቆሙ ክፍሉ ጭር አለ። ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ሽቦዎቹን በጣቱ ገለል አድርጎ፣ ያን የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ነቀለው። በሸሚዙ ጫፍ አቧራውን ጠርጎ አመጣው። ከመሳቢያው ማገናኛ ገመድ ፈልጎ በእጁ ከእሽጉ ላይ ሰካው። ዲስኩ «ቀጭ ቀጭ» አለ፣ ዝም አለ፣ አሁንም «ቀጭ» አለ። ተከፈተ።

የመጀመሪያውን ኮምፒውተር የገጣጠመ ዕለት የተቀረጸ ነው። ካሜራ ስትሞክር የነበረችው ሚስቱ ናት፤ ምስሉ ይዋልላል፣ ቀለሙም ደብዝዟል። ጠረጴዛው በብሎን ተሞልቷል። ጎልማሳው ገጣሚ ትንሿን ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጣቷን በጣቱ ይዞ ማስነሻውን ያስጫናታል። መብራቱ በራ። «ነቃ! አባዬ፣ ነቃ!» እያለች ታጨበጭባለች። በገዛ እጁ የሠራው የመጀመሪያው ማሽን ሲነሣ፣ ሰውዬው ማሽኑን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። እሷን ነው የሚያየው።

የሚስቱ ወንድም ከወንበሩ ተነሣ። «ና ተቀመጥ፣ ጋሼ። ይቺን አንተ ቀጥላት።»

«አንተው ሥራው» አለ ገጣሚው። «አንተ ነህ አደራ የተባልከው።»

ከልጁ ጀርባ ቆሞ ምስሉ ሲመላለስ አየ። እሽጉ ትንፍሽ አይልም፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሬ አላለውም። ዓይኑን ከዚያ ትንሿን ልጁን ከሚያይ ሰውዬ ላይ መንቀል አቃተው። በዚያ ሰውዬ እንደቀና በማንም ቀንቶ አያውቅም።