በቀን የሚበራ ፋኖስ

በ1980 ዓ.ም. ወደ ወልድያ ስንሄድ የአውቶቡሳችን ጎማ ሐይቅ ከተማ ላይ ፈነዳ። ሾፌሩ ሊያስጠግን ሲሄድ እኔ ውሃ ልለምን ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆምኩ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ መጋረጃውን ያንገላታዋል። ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ፋኖስ ይበራል።

ሴትየዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። ውሃውን በጣሳ ሰጥታኝ ዓይኔን ተከተለችና፣ "ምነው፣ ፋኖስ አይተህ አታውቅም?" አለችኝ።

አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን በሥዕል ብቻ ነው። ከመስተዋቱ በላይ ክንፍ ክንፍ ያወጣ ብረት ተደፍቶበታል፤ ከብረቱ ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ከመጋረጃው ኋላ ይገባል። የሳይንስ አስተማሪ ነኝና አፌ አላርፍ ብሎ፣ "ሬዲዮው የታለ?" አልኳት።

ፊቷ አልተለወጠም። "ሰላይ ከሆንክ ውሃዬን መልስ። ካልሆንክ ግባ፣ ደጅ አትገተር።"

ገባሁ። ፈዲላ ትባላለች፤ እሷ ጨዋታ ትወዳለች፣ እኔ መስማት። ልጇ ሙዘይን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ዘምቷል። አምና የቀበሌው ሊቀ መንበር አያሌው መጣና፣ "ወድቋል፤ ለቅሶ ተቀመጪ" አላት።

"ሬሳውን አየኸው?"

"አላየሁም፤ ግን..."

"እንግዲያ አንተ የውሻ ልጅ፣ የልጄን ሞት ቀበሌ አያውጅልኝም!"

የሰፈሩ ቅሬ፣ እድሩ፣ የለቅሶ ድንኳኑን ይዞ ቢመጣ ከነካስማው መለሰችው። ሽማግሌዎቹ ተቆጥተው፣ "ቅሬን እምቢ ካልሽ አንቺንስ ማን ይቀብርሻል?" አሏት። "ልጄ!" አለቻቸው።

ተስፋዋ አንድ ነው። የወዲያኛው ወገን፣ የአማፂዎቹ፣ ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ የምርኮኞችን ስም ያነባል። አያሌው ይህን ስለሚያውቅ የባትሪ ድንጋይ እንዳይሸጡላት ባለሱቆቹን አስጠነቀቀ። የእህቷ ልጅ ኑርዬ ግን የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩ ሩሲያውያን ጋር ይሠራ ነበርና ያለ ድንጋይ ሬዲዮ የሚያሠራ ይህን ፋኖስ አመጣላት።

"እሳቱ ከውስጥ፣ ነፋሱ ከውጭ" አለችኝ ክንፎቹን እያሳየች። "መስኮቱን ከዘጋሁት ሬዲዮው ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ ኑርዬም አያውቅ።"

ይህን እንኳ እኔ አላጣውም። "በአንድ ወገን ሲሞቅ በሌላው ሲቀዘቅዝ፣ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ይሰደዳሉ። ኤሌክትሪኩ ይኸው ስደት ነው። ተራ ብረት ቢሆን ሙቀቱንም ቶሎ ያሻግረውና ሁለቱም ወገን ሞቆ ነገሩ ያበቃል። ይኼ ግን ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋል፣ ሙቀቱን ያግዳል።"

"እኔን ነው'ንዴ የምትለው!" ብላ ሳቀች። "ወሬ አስገባለሁ፤ ለቅሶ አላስገባም!"

ሳቋ ሳያልቅ አያሌው ከደጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ፈዲላ ሽቦውን ነቅላ ከመቀነቷ ሥር ሸጎጠችው። እሱ ገባ፤ ሬዲዮውን ከመጋረጃው ኋላ አውጥቶ የጀርባ ክዳኑን ከፈተ። ድንጋይ የለውም።

"ዛሬም ባዶ" አለ። "በቀን ላምባ ታቃጥያለሽ። አብደሻል እንዴ?"

"ሰው የጠፋበት በቀንም ያበራል። አንተ ምን ጠፍቶብህ ታውቃለህ?"

አያሌው ሬዲዮውን አስቀምጦ እኔን ገላምጦኝ ወጣ። ኮቴው ሲርቅ ሽቦውን መልሳ ሰካች፤ ጆሯችንን አስጠጋን። ሬዲዮው ሲያጉረመርም ቆየና አንድ ድምፅ ስም ማንበብ ጀመረ፦ የጅማ ልጅ፣ የጎንደር ልጅ፣ የደሴም አንድ ልጅ። ንባቡ አለቀ። ሙዘይን አልተጠራም። ፈዲላ ክብሪቷን ከኪሷ አውጥታ፣ ለነገ የሚሆን እንጨት መቅረቱን አይታ መለሰቻት።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ። የምለው ጠፍቶኝ፣ "እግዜር ያጥናሽ" አልኳት።

"ይኼ ለሞተበት ሰው ነው የሚባለው!" ብላ ጮኸችብኝ። "ይዘኸው ሂድ፤ ወልድያ የሞተበት አታጣም። ለኔ 'አላህ ያገናኛችሁ' በለኝና ውጣ!"