ዝም ያለው ቅፍለት

ድንች የተጫነበት እርጥብ ጆንያ ከፈረስ ላብ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ሽታ የትም ቦታ ቢያገኘኝ ወደ አንድ መንገድ ይመልሰኛል። ሰሞኑን እንጅባራ ገበያ ውስጥ አንድ ገበሬ ፈረሱን ሲያራግፍ ከአጠገቡ ነበርሁና ሽታው አፍንጫዬን ሞላው፣ ልገዛ የመጣሁትን ሽንኩርት ረስቼ ደርቄ ቀረሁ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ኋላ በአስፋልቱ ጠርዝ ኩስ ኩስ የምል መሰለኝ።

መንደራችን ዛሬ እንጅባራ በምትባለው በቆሰበርና በአዲስ ቅዳም መካከል ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሃያ ያህል ቤተሰብ ፈረሱንና አህያውን ጭኖ፣ ድንቹን፣ ገብሱንና ከሰሉን አሰናድቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ይሰበሰብና ባንድነት ወደ አዲስ ቅዳም ገበያ ይነሣ ነበር። ይህን ጉዞ ቅፍለት እንለው ነበር፤ አለቃውም ጋሼ ጫኔ ነበሩ፤ ሪዛም፣ ድምፃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሽማግሌ። በቀኝ ጠርዝ፣ ጀርባችንን ለመኪና ሰጥተን እንሄድ ስለነበር የመንገዳችን ትልቁ ሕግ ጩኸት ነበር። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው መኪና ሲሰማ «መኪና! ያዝ! ያዝ!» ብሎ ይጮኻል፣ ከፊቱ ያለው ይቀበለዋል፣ ጩኸቱ እየጎላ እስከ ጋሼ ጫኔ ይደርስና እሳቸው ያሳርጉታል። ያልጮኸ ሰው ጎረቤቱን ለሞት አሳልፎ እንደሰጠ ይቆጠር ነበር። እኔም እንደ አቅሜ እጮህ ነበር፤ እንዲያውም ሳልደብቅ ልናገር፣ ከገበያው ይልቅ የምወደው ጩኸቱን ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ጩኸቱ ከቤታችን ገባ። ዳማ የምንለው ፈረሳችን ገና ወጣት ነበር፤ ለጭነትም የነበረን እሱ ብቻ ነበር። ነሐሴ ላይ፣ ጉሙ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሳለ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና መጣና እንደ ልማዱ ተጮኸ። ዳማ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከነጭነቱ ተወርውሮ አስፋልቱ መሃል ገባ፣ አባቴም ገመዱን አልለቅም ብሎ አብሮት ተጎተተ። መኪናው በክንድ ያህል ስቷቸው አለፈ። ዳማ አንድም ጭረት ሳያገኘው ቆሞ ሲያናፋ፣ አባቴ ቦይ ውስጥ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ ነበር፣ ድንቻችን በአስፋልቱ ላይ ተበትኖ እስከ መታጠፊያው ይንከባለል ነበር።

ከግምጃ ቤት ከተማ የመጣው ወጌሻ የአባቴን እግር በቀርከሃ አስሮ ሲሄድ ጋሼ ጫኔ ቤታችን መጡና፣ እያዘኑም ቢሆን፣ ፍርዳቸውን ተናገሩ። ዳማ መኪና የሚፈራ ፈረስ ነው፣ ዛሬ ባለቤቱን የሰበረ ነገ የሰው ልጅ ይገድላልና ከቅፍለቱ ይውጣ አሉ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዳማን መሸጥ ማለት ለእሱ ዳግመኛ አለመነሣት ነበር፤ ለእኛም ድንቹ ቤት ውስጥ ይበቅልብናል ማለት ነበር።

መስከረም ጠባ። ሜዳው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን እኔና እናቴ ዳማን ሳንሸጥ ቤት ትተን፣ ድንች በጀርባችን አዝለን ከቅፍለቱ ኋላ እንሄድ ነበር። ጓደኞቼ ከፈረሶቻቸው አጠገብ እየዘለሉ ሲሄዱ እኔ በጭነት ጎብጬ እከተል ነበርና እንዴት እንዳፈርሁ አልረሳውም። እናቴ ግን አታፍርም ነበር፤ ጀርባዋ ከብዶት እንኳን ዓይኗ ሥራ አይፈታም፤ መኪና በመጣ ቁጥር መኪናውን ሳይሆን ፈረሶቹን ታይ ነበር።

ጥር ሲደርስ የጊዮርጊስ ለት የፈረስ ጨዋታ ሆነ። በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ድንች የተሸከመ ፈረስ በዚያን ቀን አጊጦ ጌታ ይሆናል። አባቴ በምርኩዝ ቆሞ ሊያይ መጣ፣ ዳማን እንዳምናው አጎቴ ጋለበው። ጋሼ ጫኔ ከሜዳው ዳር ቆመው «ያዝ! ያዝ! በለው!» እያሉ ሲጮኹ፣ ሴቱ እልል ሲል፣ ዳማ ጆሮዎቹን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከሁሉም ቀድሞ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲጨበጭብ እኔ ጆሮዎቹን አይ ነበር። ያንን ጆሮ አውቀዋለሁ። የሚፈራ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ዳማ ግን አባቴን በጎተተበት ቀን ጆሮው ልክ እንደዚህ ወደ ፊት ተቀስሮ ነበር።

ለእናቴ በጆሮዋ ነገርኋት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ብላ፣ በማግስቱ ዳማን ይዛ ከእኔ ጋር አስፋልቱ ዳር ወረደች። ዝም ብለን ቆምን። ሚኒባስ አለፈ፣ አውቶቡስ አለፈ፣ ተሳቢ ያለው መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ፤ ዳማ ሣሩን ይግጥ ነበር። ከዚያ ወደ ሜዳው መለስ አልንና፣ መኪና የሚባል በሌለበት፣ እንድጮህ አዘዘችኝ። «ያዝ! ያዝ!» ስል ዳማ ተወርውሮ ገመዱ መዳፏን ልጦት ሄደ። እናቴ የተላጠ መዳፏን እያየች ሳቀች፤ አባቴ ከወደቀ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነበር። ፈረሳችን መኪና ፈርቶ አያውቅም። እኛው ሜዳ ላይ በጩኸት ሩጫ አስተምረነው፣ እኛው መንገድ ላይ በዚያው ጩኸት ቁም እንለው ነበር።

መንደሩን ማሳመን ግን ፈረስ ከመግራት ይከብዳል። እናቴ ከፋሲካ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ትነሣና፣ መንገድ ላይ መጮህ ይቅር ትል ነበር። አምስት እሑድ ተናገረች፣ አምስት እሑድ ተሳቀባት፤ ወንዶቹ በአገውኛ እየተቀባበሉ ያፌዙባት፣ ሴቶቹም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቁ ነበር። በስድስተኛው ጋሼ ጫኔ ተቆጡ።

«መኪና ከኋላው ሲመጣበት ሰውን ዝም ብለን እንየው ነው የምትይን?»

«ጀርባችንን ለመኪና መስጠቱን እንተው ነው የምለው፣ ጋሼ» አለች እናቴ። «በግራ ጠርዝ ብንሄድ ሊገጨን የሚችለውን ፊት ለፊት እናየዋለን። እኔ ከፊት ሆኜ ነጠላዬን ከፍ ሳደርግ ሁሉም ወደ ቦዩ ይውረድ። ዳማን ጩኸት ሲሰማ ሩጥ ብለው ያስተማሩት እኮ እርስዎ ነዎት። ጥር ላይ ከእርስዎ በላይ የጮኸ ማን ነበር?»

ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ቁጡ ቢሆኑም እውነት ሲነገራቸው አያልፉትም ነበር። በመጨረሻም አንድ ቅዳሜ ፈቀዱላት። ዳማ አንዲት እርምጃ ካበደ ግን ማግስቱን ይሸጣል አሉ፤ አባቴም ከተቀመጠበት ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ያ ቅዳሜ ሰኔ ላይ ዋለ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጉሙ እንደገና ወርዶ ነበር። እናቴ ከፊት ዳማን ይዛ፣ እኔ ከጎኗ፣ ቅፍለቱ በሙሉ ከኋላችን በግራ ጠርዝ ተሰልፎ ተነሣን። ከኮቴ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ሁለት ሚኒባሶች በሰላም አለፉን። ከዚያ መታጠፊያው ላይ፣ አባቴ በወደቀበት ቦታ፣ ሁለት መብራት ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ፤ የጭነት መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሊታጠፍ ብሎ መስመሩን ለቆ በእኛ ጠርዝ ይመጣ ነበር። ጉሮሮዬ ድረስ ጩኸት መጣብኝ። ጥርሴን ነክሼ ዋጥሁት።

እናቴ ነጠላዋን አነሣች። ከኋላዋ ያለው እጁን አነሣ፣ ከእሱ ኋላ ያለው አነሣ፣ ሰውና ከብት አንድ ላይ ወደ ቦዩ ወረደ። ዞር ስል ጋሼ ጫኔ አፋቸው ተከፍቶ አየኋቸው፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ የጮኸ አፍ ነውና አልዘጋ ብሏቸው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ጎርሰው ነበር። መኪናው ጭቃ እየረጨብን፣ ቅድም እኛ በነበርንበት ጠርዝ ላይ፣ እየተንሸራተተ አለፈ። ዳማ ጆሮውን እንኳን አልቀሰረም። ከቦዩ ሣር ነጭቶ ያኝክ ነበር።

አንዲት ሴት በደስታ እልል ልትል አፏን ስትከፍት እናቴ ቶሎ ዞረች። «እልልታው ገበያ ስንደርስ፤ ዳማን ካሰርሁት በኋላ» አለች።

ሃያ ቤተሰብ እልልታውን አፉ ውስጥ ይዞ እስከ አዲስ ቅዳም ሄደ። እንደዚያ ቀን የፈጠነ ቅፍለት አላየሁም። እናቴ ዳማን ከግንድ ጋር ሁለት ዙር አስራ፣ ቋጠሮውን ሞክራ፣ ቀና ስትል ገበያው በእልልታ ተናጋ፤ ነጋዴው ሁሉ ሙሽራ የመጣ መስሎት ከድንኳኑ ወጣ። ጋሼ ጫኔ በሰው ሁሉ ፊት አለንጋቸውን ለእናቴ ሰጧትና «ከዛሬ ጀምሮ ከፊት የምትሄጂው አንቺ ነሽ» አሏት። ማታ ለአባቴ ስነግረው አለቀሰ፤ ከዚያ ዳማን ሊያይ በምርኩዙ እያነከሰ ወጣ።

ዳማ ከሞተ ቆይቷል፣ ጋሼ ጫኔም አርፈዋል። ባለፈው ዓመት እናቴን ይዤ ከእንጅባራ በባጃጅ ስንሄድ በዚያው መንገድ ከገበያ የሚመለስ ቅፍለት ፊት ለፊት አጋጠመን፤ ዛሬ ፈረሱ ቀንሶ ጋሪው በዝቷል። ከፊት ያለችው ወጣት ስታየን ነጠላዋን ከፍ አደረገች፣ ሰልፉም ያለ አንዳች ድምፅ ወደ ቦዩ ወረደ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ጥሩምባም አልነፋም። ምን እያደረጉ ነው ብዬ ስጠይቀው የዚህ አገር ሰው ደንብ ነው፣ ከጥንት የመጣ ነው አለኝ። ከጥንት አይደለም፣ ከኋላህ ከተቀመጠችው ሴት ነው ልለው ስል እናቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

«ተይው፤ ዝም ማለቱን ከያዙት ይበቃል» አለች።

ያኔ እናቴን ለመስማት መንደሩ ስድስት እሑድ ፈጅቶበት ነበር። ዛሬ ስሟን የማያውቁ ሰዎች ነጠላ ከፍ ሲል ያያሉ፣ ከመንገዱም ይወርዳሉ፣ ማታም ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል።